መካን ናት ከማለት አስቀድሞ ሕመሟንና ማዕዷን መመርመር ይገባል

የአንድ ሀገር ብርታት የሚለካው በመንገዱ ርዝመትና በሕንፃው ከፍታ ብቻ አይደለም፤ በየቤቱ ባለው ሰላምና በየሰዉ ባለው ጤና ጭምር ነው እንጂ። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በእነዚህ ዓመታት ስሙ በዓለም ሁሉ ሲጠራ የኖረው በጉባ ምድር በዐባይ ወንዝ ላይ ስለ ተሠራውና ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ስለ ተመረቀው ታላቅ ግድብ ነው። ይህም ክብር የተገባው ነው። ነገር ግን ወንዝ ገድቦ ብርሃን ለማውጣት የቻለ ሕዝብ፥ በጓዳ ተሰውሮ የሴቶችን ደስታና የትዳርን ሰላም የሚያጠፋውን ጨለማም በዕውቀት ሊያስወግደው ይገባዋል።

ይህ ጨለማ በመካንነት ስም የሚነገረው ሐሜት ነው። በአሶሳ ከተማም ሆነ በባምባሲ፥ በመንጌና በኩርሙክ ገጠር፥ በሌላውም የኢትዮጵያ አውራጃ ሁሉ፥ አንዲት ሴት ካገባች በኋላ ሁለትና ሦስት ዓመት ያለ ልጅ የቆየች እንደ ሆነ፥ ጥፋቱ የእርሷ ነው ተብሎ አስቀድሞ ይፈረድባታል። ባልዮውስ ተመርምሯልን ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። አማት ታዝናለች፤ ጎረቤት ያንሾካሽካል፤ ሽማግሌ ተቀምጦ ስለ ፍቺ ወይም ስለ ሁለተኛ ሚስት ይመክራል። እርሷም ያላትን ጥቂት ገንዘብ ይዛ ከአንዱ ሥር ቆፋሪ ወደ ሌላው፥ ከአንዱ ጠንቋይ ወደ ሌላው ስትዞር፥ ዕድሜዋም ገንዘቧም ያልቃል። ከእነዚህም ሴቶች ብዙዎቹ የያዛቸው ነገር ስም ያለው፥ ምክንያቱ የታወቀ፥ በምግብ ሥርዓትና በሐኪም ምክር ሊታገሡትና ሊያሸንፉት የሚቻል ሕመም ነው።

የዚህ ሕመም ስም በሐኪሞች ቋንቋ ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም ይባላል። ነገሩ አዲስ አይደለም። ጣልያናዊው ሐኪም አንቶኒዮ ቫሊስኔሪ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1721 ዓ.ም. ስለ አንዲት ባለትዳር የገበሬ ሴት ሲጽፍ፥ መጠነኛ ውፍረት እንደ ነበራትና ልጅ እንዳልወለደች፥ ዕንቁላል የሚያፈሩት ዕጢዎቿም ከልክ በላይ አድገው እንደ ርግብ ዕንቁላል ነጭና የሚያብረቀርቁ እንደ ነበሩ አመልክቷል። ከዚያም በ1935 በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ ኧርቪንግ ስታይንና ማይክል ሌቨንታል የተባሉ ሁለት ሐኪሞች የሰባት ሴቶችን ታሪክ አቅርበው ሕመሙን ለዓለም አስታወቁ። ስለዚህ ሕመሙ የሥራ ፈቶችና የባለጠጎች ብቻ ነው የሚል ቢኖር፥ ከሁለቱ ታሪኮች የፊተኛው የተጻፈው ስለ ገበሬ ሴት መሆኑን ያስተውል።

የሕመሙንም አሠራር በአጭሩ ማስረዳት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱን ያላወቀ ሰው መድኃኒቱን ሊያምን አይችልምና። ሰው እህል በበላ ጊዜ እህሉ ወደ ስኳርነት ተለውጦ በደም ውስጥ ይገባል። በዚህም ጊዜ ቆሽት ኢንሱሊን የሚባለውን ሆርሞን ያወጣል፤ የኢንሱሊንም ሥራ ስኳሩን ከደም ወደ ሰውነት ማስገባት ነው። በዚህ ሕመም ከተያዙት ሴቶች በብዙዎቹ ዘንድ ግን ሰውነት ለኢንሱሊን በሚገባ አይታዘዝም። ቆሽትም የታዘዘለት ስለማያገኝ አብዝቶ ያወጣል። የበዛውም ኢንሱሊን ወደ ዕንቁላል ዕጢ ደርሶ በወንድ ዘንድ በብዛት፥ በሴት ዘንድ በጥቂቱ የሚገኘውን ሆርሞን ከልክ በላይ እንዲያመነጭ ያነሣሣዋል። በዚህም ምክንያት ዕንቁላሉ ሳይበስል በመንገድ ይቀራል፤ በምርመራ መሣሪያ ሲታዩ እንደ ትናንሽ ከረጢት የሚመስሉትም እነዚሁ ሳይበስሉ የቀሩት ናቸው። ዳግመኛም የበዛው ኢንሱሊን ስብን ያከማቻል፤ የተከማቸውም ስብ፥ ይልቁንም በሆድ ዙሪያ ያለው፥ ሰውነትን ለኢንሱሊን የባሰ እንቢተኛ ያደርገዋል። አንዱ ሌላውን እየወለደ ነገሩ እንደ መንኰራኵር ይዞራል ማለት ነው።

ምልክቶቹ በቤት ውስጥ የሚታዩ ናቸው። የወር አበባ ከ35 ቀን በላይ እየቆየ የሚመጣ፥ ወይም በዓመት ከስምንት ጊዜ ያነሰ ይሆናል። በአገጭና በከንፈር ላይ፥ በደረትም ጠጕር ይበቅላል፤ የራስ ጠጕር ይሳሳል፤ በፊት ላይ ብጉር ይበዛል፤ በአንገት ዙሪያና በብብት ቆዳው ይጠቁራል። ክብደትም ይጨምራል። የዓለም የጤና ድርጅት በግምት እንዳስታወቀው፥ ለመውለድ ዕድሜ ከደረሱ ከ100 ሴቶች ከ8 እስከ 13 የሚሆኑት ይህ ሕመም አለባቸው፤ ከእነርሱም እስከ 70 በመቶ ድረስ የሚሆኑት ሕመማቸውን ሳያውቁት ይኖራሉ። ይኸው ግምት ለአሶሳና ለአካባቢዋ ቢታሰብ፥ ከአንድ ሺሕ ሴቶች መካከል ከ80 የማያንሱት በዚህ ሕመም ውስጥ አሉ፤ ከእነርሱም አብዛኞቹ ስሙን እንኳ አልሰሙም ማለት ይሆናል። ጉዳዩም የልጅ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሕመሙ ሳይታወቅ የቆየ እንደ ሆነ የስኳር በሽታን ሊያስከትል ይችላል፤ የወር አበባም ለረጅም ጊዜ እየቀረ ሲኖር በማሕፀን ግድግዳ ላይ ካንሰር እንዳይነሣ ያሠጋል።

በዚህ ስፍራ አንድ ትልቅ ስሕተት መታረም አለበት። ወፍራም ሴት ሁሉ ሆዳም ናት ማለት አይቻልም። ሕመሙ በዘር ከእናት ወደ ልጅ፥ ከእኅት ወደ እኅት ሲተላለፍ ይታያል፤ ቀጫጭን ሴቶችንም ይይዛል። ደግሞም ሰውነቷ ኢንሱሊን የበዛበት ሴት ከሌላው ሰው ጋር እኩል በልታ ከሌላው ይልቅ ልትወፍር ትችላለች። በአውስትራሊያ የሞናሽ ዩኒቨርሲቲ መሪነት በ2018 የወጣውና በ2023 የታደሰው የዓለም ሐኪሞች መመሪያም፥ የጤና ሠራተኞች በውፍረቷ ምክንያት ሴትን ከመንቀፍና ከማሳፈር እንዲጠበቁ አጥብቆ ያሳስባል። ሆዳምነት በነፍስ መጻሕፍት የተወገዘ ኀጢአት መሆኑ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን የታመመን ሰው በሕመሙ ምክንያት ኀጢአተኛ ማለት ፍርድን ማጣመም ነው። ካህኑ ዔሊ በቤተ መቅደስ ከንፈሯ ብቻ ሲንቀሳቀስ ያያትን ሐናን ሰክራለች ብሎ እንደ ገሠጻት፥ ኋላም እውነቱን ሲረዳ እንደ መረቃት ለካህናት መንገር ማስተማርን ለመምህር ማስተማር ነው። ከዚያ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት፥ ከተግሣጹ በፊት ጥያቄው ይቅደም የሚል ነው።

እንግዲህ መድኃኒቱ ምንድን ነው ቢባል፥ የሐኪሞች የመጀመሪያ ትእዛዝ የኑሮና የምግብ ሥርዓትን ማስተካከል ነው። ሕመሙን ከሥሩ ነቅሎ የሚጥል መድኃኒት እስካሁን አልተገኘም፤ ነገር ግን ክብደት የበዛባት ሴት ከክብደቷ ከ100 እጅ ከ5 እስከ 10 እጅ ብቻ ብትቀንስ፥ ኢንሱሊኑ ይወርዳል፤ የወር አበባዋ ወደ ሥርዓቱ ይመለሳል፤ ዕንቁላልም የመውጣት ዕድል ያገኛል። ይህ ምን ያህል እንደ ሆነ በምሳሌ ቢታይ፥ ቁመቷ 1 ሜትር ከ60 የሆነች ሴት ክብደቷ 64 ኪሎ ሲደርስ ከተገባው ልክ ማለፍ ትጀምራለች፤ 77 ኪሎ ሲደርስ ግን ከባድ ውፍረት ይባላል። ይህችኛዋ ሴት 4 ኪሎ ብቻ ብትቀንስ ጥቅሙን ማየት ትጀምራለች። እንደ ልጃገረድነቷ ዘመን ቀጭን ትሆን ዘንድ የሚያስገድዳት የለም። ይህንንም በስድስት ወር ውስጥ ቀስ በቀስ ለመፈጸም፥ ከዕለት ምግቧ ከ500 እስከ 750 ኪሎ ካሎሪ ማጕደል ይበቃል፤ ይህም በስኳር፥ በዘይትና በነጭ ዳቦ ከሚገባው ትርፍ የሚገኝ እንጂ ራስን በረኀብ በመቅጣት የሚገኝ አይደለም።

አንዳንድ ሰዎች ለዚህ ሕመም ልዩ የፈረንጅ ምግብ ያስፈልጋል ይላሉ፤ እህልን ፈጽሞ ተው፥ ሥጋና ቅቤ ብቻ ብሉ እያሉ የሚያስተምሩም አሉ። ከላይ የተጠቀሰው መመሪያ ግን ማስረጃዎችን ሁሉ መርምሮ፥ አንዱ የምግብ ዐይነት ከሌላው ይልቅ እንደሚበልጥ የሚያረጋግጥ ማስረጃ አልተገኘም ብሏል። ዋናው ነገር ሴቲቱ ልትቀጥልበት የምትችለው፥ ለሀገሯ ልማድና ለኪሷ የሚስማማ፥ ሰውነቷንም የማያጐድል ሥርዓት መሆኑ ነው። ይህ ፍርድ ለአሶሳ ታላቅ የምሥራች ነው፤ የሚያስፈልገው ሁሉ በገዛ እርሻዋና በገዛ ገበያዋ ይገኛልና።

የበርታና የጉሙዝ፥ የሺናሻም፥ የማኦና የኮሞ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ የሚመገበውን ማየት ይበቃል። ማሽላና ዳጉሳ ከነገለፈታቸው ሲፈጩ ከነጭ ዱቄት ይልቅ ቀስ ብለው ይፈጫሉ፤ ስኳራቸውም ወደ ደም በዝግታ ይገባል። ባምያ የሚያሟልጨው ፈሳሹ ራሱ በአንጀት ውስጥ የስኳርን መግባት የሚያዘገይ ነው፤ ስለዚህ የማሽላ ገንፎ ከባምያ ወጥ ጋር መቅረቡ የአያቶች ጥበብ ይመስላል። በክረምት ከጫካ የሚሰበሰበው የቀርከሃ ቡቃያ በሚገባ ተቀቅሎ ሲበላ ሆድን ይሞላል እንጂ ስብን አያመጣም። አኩሪ አተርና ቦሎቄ፥ ከደጋ የሚመጣውም ምስርና ሽምብራ፥ ከዐባይና ከዳቡስ የሚወጣውም ዓሣ ጥጋብን የሚያቆዩ ናቸው። ለውዝና ሰሊጥ መልካም ቅባት አላቸው፤ ቢሆንም ኀይላቸው ብዙ ስለ ሆነ አንድ እፍኝ ይበቃል። የአሶሳ ማንጎ የታወቀ ነው፤ አንዱን ከነሥጋው መብላት ጥሩ ሲሆን፥ አራቱን ጨምቆ ስኳር አክሎ መጠጣት ግን ፍሬውን ወደ ስኳር ውኃ መለወጥ ነው።

የማዕዱም አደላደል እንዲህ ቢሆን ይመረጣል፤ ከሳሕኑ እኩሌታው ጎመን፥ ባምያ፥ ዱባና ሌላም አትክልት ይሁን፤ ከቀረው እኩሌታ ግማሹ ጥራጥሬ ወይም ዓሣ ወይም ዕንቁላል፥ ግማሹ ደግሞ ገንፎ ወይም እንጀራ ይሁን። ዛሬ በብዙ ቤት የሚታየው የዚህ ግልባጭ ነው፤ ገንፎው ተራራ ያህል ሆኖ ወጡ ማጥቀሻ ብቻ ይሆናል። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2014 ዓ.ም. ያወጣው የምግብ መመሪያም ልዩ ልዩ ምግብ እንዲበላ፥ ጥራጥሬና አትክልት እንዲዘወተር፥ ስኳርና ቅባት እንዲቀነስ ይመክራል። ይህን መመሪያ በየቀበሌው ቋንቋ አስተርጕሞ ማስተማር ለሕመምተኛዋ ብቻ ሳይሆን ለጤነኛውም ይጠቅማል።

ከሁሉ ይልቅ ሊጠነቀቁት የሚገባው ግን በብርጭቆ የሚገባው ስኳር ነው። በአሶሳ ሻይና ከርከዴ የእንግዳ አክብሮት ምልክቶች ናቸው። ይሁን እንጂ በቀን አራት ብርጭቆ የምትጠጣ ሴት በእያንዳንዱ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ብትጨምርበት፥ አሥራ ሁለት ማንኪያ ወይም 48 ግራም ያህል ስኳር ትጠጣለች። አንድ ጠርሙስ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ መጠጥ ብትጨምር ደግሞ 30 ግራም ያህል ይታከልበታል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2015 የወሰነው ልክ ግን ለአንድ ሰው በቀን ከ50 ግራም በታች፥ ቢቻልም ከ25 ግራም በታች ነው። ስለዚህ አንዲት ሴት እህሏን ሳትነካ የስኳሩን ማንኪያ ከሦስት ወደ አንድ ብታወርድና ለስላሳውን ለበዓል ብትተወው፥ ካሰበችው መንገድ እኩሌታውን የሄደች ያህል ነው። እንግዳ ተቀባይም ስኳሩን ለብቻው ቢያቀርብና እንግዳው በፈቃዱ እንዲጨምር ቢተወው፥ አክብሮቱ አይጐድልም።

ስለ ጾምም መናገር የተገባ ነው። በኢትዮጵያ ክርስቲያኑ በዓመት ከ180 በማያንሱ ቀናት ከሥጋና ከወተት ይከለከላል፤ በአሶሳ ዙሪያ የሚበዛው እስላሙም ሕዝብ የረመዷንን ወር ይጾማል። ጾም የነፍስ ሥርዓት እንጂ የማክሻ ዘዴ አይደለም፤ እንዲህ አድርጎ ማስተማርም ክብሩን መቀነስ ይሆናል። ቢሆንም የጾም ማዕድ ሽሮው፥ ምስሩ፥ ጎመኑና ባምያው ለዚህች ሕመምተኛ ሐኪም ከሚያዝላት ምግብ ጋር አንድ ነው። ጉዳቱ የሚመጣው ቀኑን ሙሉ ጾሞ ማታ በዘይት የተጠበሰ ብስኩት፥ ነጭ ዳቦ፥ ቴምርና ስኳር የበዛበት ሻይ በአንድ ጊዜ ሲከመር ነው። በዚህ ጊዜ ኢንሱሊን በአንድ ሰዓት ውስጥ ከፍ ብሎ ይወጣል። ካህናትና ሼኾች ጾሙ በልክና በተራ ማዕድ ይፈታ ዘንድ ቢያስተምሩ፥ የጾሙን መንፈስና የሰውነቱን ጤና በአንድነት ይጠብቃሉ። መድኃኒት የምትወስድና የታመመች ሴትም ከሐኪሟና ከንስሓ አባቷ ጋር ትማከር፤ ሁለቱም ሃይማኖቶች ለታመመ ሰው ጾምን እንደሚያላሉ የታወቀ ነውና።

ከምግቡ ጋር የሰውነት እንቅስቃሴ ይጨመራል። የጉሙዝ ሴት በትከሻዋ ላይ በተጋደመ እንጨት ሸክሟን በሁለት ወገን አንጠልጥላ ረጅም መንገድ ትሄዳለች፤ ይህችን ሴት እንቅስቃሴ ጨምሪ ማለት ፌዝ ይሆናል። ነገር ግን የከተማዪቱ ሴት ከቤቷ ወደ ገበያ በባጃጅ፥ ከገበያም ወደ ቤቷ በባጃጅ ስትመላለስ፥ ቀኑንም በሱቅና በቢሮ ተቀምጣ ስትውል፥ እናቷ የበላችውን ያህል በልታ እናቷ የሠራችውን ያህል አትሠራም። ለእርሷ በሳምንት አምስት ቀን ሠላሳ ሠላሳ ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ፥ በጠቅላላው 150 ደቂቃ፥ ይበቃታል። ክብደቷ ባይቀንስ እንኳ ሰውነቷ ለኢንሱሊን የተሻለ ይታዘዛል።

አሁን ግን ባለሥልጣኖች ከሁሉ አብልጠው ሊያስተውሉት የሚገባ ነገር አለ። የወር አበባ መቅረት የዚህ ሕመም ምልክት ብቻ አይደለም፤ የረኀብም ምልክት ነው። ሰውነት የሚበላው ሲያጣ፥ መውለድ የማይችልበት ጊዜ መሆኑን ዐውቆ የወር አበባን ያቋርጣል። በመተከልና በካማሺ ባለፉት ዓመታት በተነሣው ግጭት ብዙ ሕዝብ ከእርሻው ተፈናቅሏል። በባምባሲ፥ በሸርቆሌና በጾሬ ጣቢያዎች ስደተኞች ሠፍረዋል፤ በ2023 በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህም በኩርሙክ በኩል ብዙዎች ገብተዋል። እንግዲህ ከጤና ጣቢያው ደጅ ሁለት ሴቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ዐይነት ቃል ሊናገሩ ይችላሉ፤ የወር አበባዬ ከቀረ ስድስት ወሩ ነው ይላሉ። አንዲቱ መብል መቀነስ አለባት፤ ሌላዪቱ መብል መጨመር አለባት። የአንዲቱን ምክር ለሌላዪቱ መስጠት ሕይወትን ማጥፋት ይሆናል። ይህን የሚለየው የክብደት ሚዛንና የቁመት መለኪያ ነው። እርጉዝ ሴትና የምታጠባ ሴትም ክብደት ለመቀነስ መድከም የለባቸውም።

ወባና የሕፃናት መክሳት ባሉበት ክልል ስለ ውፍረት መናገር ቅንጦት ነው የሚል ተቃዋሚ ይነሣ ይሆናል። ይህ አሳብ ሊናቅ አይገባውም፤ ገንዘብ ውሱን ነውና። ነገር ግን እዚህ የሚጠየቀው አዲስ ሆስፒታል ወይም ውድ መሣሪያ አይደለም። ሐኪሞች ሕመሙን የሚያረጋግጡት ከሦስት ምልክቶች ሁለቱ ሲገኙ ነው፤ እነዚህም የወር አበባ መዛባት፥ የወንድ ሆርሞን መብዛትና በምርመራ መሣሪያ የሚታየው የዕጢው ሁኔታ ናቸው። በዐዋቂ ሴት ዘንድ የፊተኞቹ ሁለቱ በግልጥ ከተገኙ ሦስተኛው አያስፈልግም። ስለዚህ የጤና ሠራተኛዋ በትዕግሥት ጠይቃ፥ ዐይታና መዝና ልትጠረጥር ትችላለች፤ ከዚያም የእንቅርት ዕጢና የሌላ ሆርሞን ሕመም አለመሆኑ በደም ምርመራ እንዲለይ ወደ ሆስፒታል ትልካታለች። የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በኢትዮጵያ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው ተዘርግቷል፤ ሠራተኞቹ በየቤቱ ይገባሉ። ለእነርሱ የአንድ ቀን ትምህርትና የተስተካከለ ሚዛን መስጠት ታላቅ ወጪ አይደለም። ዛሬ ይህ ወጪ ቢቀር ግን፥ ነገ ያችው ሴት በስኳር በሽታ ዕድሜዋን ሙሉ የመንግሥትን መድኃኒት ትጠብቃለች።

ስለዚህ የክልሉ ጤና ቢሮ ሦስት ነገር ቢያደርግ የተገባ ነው። አንደኛ፥ በየጤና ጣቢያው የወር አበባዋ የተዛባ ሴት ሁሉ ክብደቷና ቁመቷ፥ የሆዷም ዙሪያ፥ የደም ግፊቷም እንዲለካ፥ የደም ስኳሯም እንዲመረመር ይዘዝ። ሁለተኛ፥ የአሶሳ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ከአሶሳ የግብርና ምርምር ማእከል ዐዋቂዎች ጋር ተማክረው፥ ስለ ማሽላ፥ ስለ ባምያ፥ ስለ አኩሪ አተርና ስለ ቀርከሃ ቡቃያ በበርታኛ፥ በጉሙዝኛ፥ በሺናሽኛና በአማርኛ አጭር የማዕድ መምሪያ ያዘጋጁ። ሦስተኛ፥ ለስኳር በሽተኞች የሚታዘዘው ሜትፎርሚን፥ ዕንቁላል እንዲወጣ የሚረዳውም ሌትሮዞል፥ ምግቡ ብቻውን ላልበቃት ሴት በሐኪም ትእዛዝ እንዲገኙ ይጣር። መንግሥት በ2012 ዓ.ም. ባወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ስኳር ያለባቸውን ለስላሳ መጠጦች ግብር ከሚከፈልባቸው ነገሮች ጋር መቍጠሩ መልካም ጅምር ነው፤ ግብር ያለ ትምህርት ግን እኩሌታ ሥራ ነው።

ከመንግሥት ዐይን ሊያመልጥ የማይገባው ሌላም አደጋ አለ። የሰው ጭንቀት ባለበት ሁሉ ጭንቀቱን የሚነግድ አይጠፋም። በአንድ ሳምንት አከሳለሁ፥ በአንድ ወር አስወልዳለሁ እያሉ ስሙ ያልታወቀ ቅጠልና እንክብል የሚሸጡ ሰዎች በየከተማው አሉ። ሆድን በማስቀመጥ የሚወጣው ውኃ እንጂ ስብ አይደለም፤ ውኃውም በማግሥቱ ይመለሳል፤ ኩላሊትና ጉበት ግን ተጎድተው ይቀራሉ። እውነተኛው መንገድ ቀስ ያለ ነው፤ ቀስ ያለ ስለ ሆነም የሚሸጠው የለም።

ነገሩ ሁሉ በሴቲቱ ትከሻ ላይ ብቻ ቢጫን ግን ፍሬ አያፈራም። በአንድ ቤት ሁለት ድስት የሚጥድ ድኻ የለም። ባልና አማት የለመዱት ቅባትና ስኳር እንዳይቀነስ ከከለከሉ፥ እርሷ ብቻዋን ልትለወጥ አትችልም። ማዕዱ የቤተ ሰቡ ሁሉ ማዕድ ሆኖ ሲስተካከል ግን ባልዮው ከደም ግፊት፥ ልጆቹም ከስኳር በሽታ ይጠበቃሉ። ደግሞም ልጅ አለመውለድ የብዙ ምክንያቶች ውጤት ነው፤ የማሕፀን ቱቦ በቀድሞ ሕመም መዘጋትም አለ፤ የወንዱም ዘር መድከም አለ። የዓለም የጤና ድርጅት በ2023 እንዳስታወቀው ከስድስት ሰዎች አንዱ በዕድሜው ይህ ችግር ይደርስበታል፤ ይህም ቍጥር ወንድንም ሴትንም ያጠቃልላል። እንግዲህ ባልዮው ሳይመረመር በሚስቲቱ ላይ የሚሰጥ ፍርድ፥ አንዱን ባለጉዳይ ብቻ ሰምቶ እንደሚሰጥ ፍርድ ያለ ነው።

በዚህ ጉዳይ ከሐኪምም ከሹምም ይልቅ የካህኑና የሼኹ ቃል በቤት ውስጥ ይሰማል። የፍቺ ነገር ወደ እነርሱ ሲመጣ፥ ሁለታችሁም ወደ ሐኪም ሄዳችኋልን ብለው አስቀድመው ቢጠይቁ፥ በዚያ አንድ ጥያቄ ስንት ትዳር ይድናል! የዘካርያስ ሚስት በእርጅናዋ የወለደችውን ልጅ ሁለቱም ሕዝብ በየመጽሐፉ ያውቀዋል፤ ስለዚህ ልጅ ያላገኘችን ሴት የተረገመች ናት ለማለት አንዱም ምክንያት የለውም። ጸበሉም ዱዓውም ሐኪምን አይከለክሉም፤ ሐኪምም ጸሎትን አይከለክልም።

ሹሙ ሚዛኑን ያቅርብ፤ ሐኪሙ ይመርምር፤ ካህኑና ሼኹ ሐሜቱን ያስቁሙ፤ ባልም ከሚስቱ ጋር በአንድ ማዕድ ይታገሥ። በአሶሳ ጓዳ የተቀመጠችው ሴት ከዚህ በኋላ መካን ተብላ ሳይሆን ታማሚ ተብላ ብትጠራ፥ በምትጠራበትም ስም ምክርና መድኃኒት ብታገኝ፥ ልጅ ብትወልድም ባትወልድም ክብሯና ጤናዋ ይመለስላታል። ይህም ከብዙ ገንዘብ ይልቅ ጥቂት ዕውቀትንና ብዙ ርኅራኄን የሚጠይቅ ሥራ ስለ ሆነ፥ አልቻልንም የሚያሰኝ ምክንያት ለማንም አይገኝለትም።